የማይታወቁ ልጆች መታወቂያ

ሱቄ ስታዲየም ሥር፣ ከሎተሪዋ ጎን ናት፤
አንድ ሰው እንዲገባ አንድ ሰው የሚወጣላት።
ፎቶ ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ላስቲክ ማልበስ፣ ማኅተም፤
መብራት ሲኖር ሥራ፣ ሲጠፋ ወሬ አይጠፋም።

በነሐሴ መጨረሻ ክለቦች ሲያስመዘግቡ፣
ታዳጊዎች በጭቃ ጫማ ተጋፍተው ሲገቡ፣
ኮሌታ አቃናለሁ፣ አገጭ ቀና አደርጋለሁ፤
«አትሳቅ» እላለሁ፣ የሳቀውን ግን እወዳለሁ።

ለአንድ ልጅ አራት ጉርድ፤ ሁለቱ ለፌዴሬሽን፣
አንዱ ለክለቡ መታወቂያ፣
አንዱ ይተርፋል።
በቃ፣ ነገሩ የጀመረው
ከሚተርፈው ነው።

ያስጀመረኝ ጋሽ ወንድይፍራው ነው፤ በጨዋታ ቀን
ለተመልካች መቀመጫ የሚቸረችረው ካርቶን።
ጠዋት ጠዋት፣ ማንም የማያየውን የታዳጊ ጨዋታ
ያልተሸጠው ካርቶን ላይ ተቀምጦ ያያል በዝምታ።

«ስሚ አንቺ» አለኝ አንድ ቀን፣ የተረፉትን ጉርዶች አይቶ፣
«ፍሬ ሳይበስል ይጣላል? ማን ይፈርዳል በዛሬ ፎቶ?
የታወቀውንማ ሁሉም ይሻማዋል፤ የታወቀ ውድ ነው፤
አንቺ ስሙን እናቱ ብቻ የምትጠራውን ያዢው።
ጎል ያገባውን ተዪ፤ እሱን እልልታው ያሳድገዋል፤
ኳስ ሲነጠቅ ዞሮ የሚሮጠውን ግን ማን ያየዋል?
እሱን እዪልኝ። ጫማውንም፤ በተዋሰው ጫማ የሚጫወት፣
ሁለት ቁጥር ሰፍቶት እንኳ ኳስ ያልጠፋበት፣
እሱን እጥፍ አድርገሽ ቁጠሪው።
ጀርባው ላይ በእስክርቢቶ እንዳትጽፊ፤ በእርሳስ።
ፀሐይ አይንካው፤ ጠርዙ አይታጠፍ። ቀሪው መታገስ።»

ጀመርኩ። የሠርግ አልበም ገዛሁ ከፒያሳ፣
ሽፋኑ ሁለት ቀለበት፣ ያውም አንዱ ወርቁ የሳሳ።
መጀመሪያ ገጽ ላይ ፍራኦል፤ ግራ እግር፤ ከቄራ።
ቀጥሎ ምንተስኖት፣ በረኛ፣ ጓንቱን በገዛ እጁ የሠራ።
ሐይደር ከአብነት፤ ዐሥራ አምስት ይላል ወረቀቱ፤
ጢሙ ይከራከራል፤ የታናሽ ወንድሙ ይሆናል ልደቱ።

የሎተሪዋ ትርሃስ አልበሙን ገልጣ ተሳለቀች፤
«ልታስጠነቁዪባቸው ነው?» ብላ አማተበች።
«አይ» አልኳት፣ «እንዳንቺው ዕጣ ነው፤ ልዩነቱ፣
የኔዎቹን ዕጣዎች ይርባቸዋል፤ ያማቸዋል ጉልበቱ።»

ሦስት ክረምት ወጣ። አንድ ቅዳሜ ምንተስኖትን ሬዲዮ ጠራው፤
ተቀያሪ ነበር፣ አልገባም። ቢሆንም ጮህኩ፤
ፎቶ የማነሳውን ሽማግሌ አስበረገግኩት፣ ምስኪኑን ሰው።
ሐይደር የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።
ገጹ እንዳለ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት፣ ሰማዩ ሲያጉረመርም፣
አንድ ረጅም ልጅ ገባ፤ አወቅሁት፤ እሱ አላወቀኝም።
«ለመንጃ ፈቃድ ነው» አለ፤ «ሚኒባስ፣ ከቄራ ሜክሲኮ።»
«ኳሱስ?» ልል ነበር፤ ከአፌ ላይ መለስኩት እኮ።
ኮሌታውን አቃናሁ። «አትሳቅ» አልኩት። ሳቀ።
የፊት ጥርሱ ክፍተት እንኳ ቦታውን አልለቀቀ።
አራት ወጣ። ሦስት ወሰደ። «አንዱስ?» ብለው፣
ዝናቡን እያየ፣ «ጣዪው»።

ማታ ከአሮጌው ጎን አስገባሁት። ጀርባውን ገለበጥኩ፤
«ግራ እግር» ይላል፣ የራሴ ጽሑፍ። ላጲሱን አነሳሁ። አስቀመጥኩ።
ከሥሩ ጨመርኩ፦
«ፍሪሲዮን የሚረግጥበት»።

በማግስቱ ለጋሽ ወንድይፍራው አሳየሁት፣ «አሁን ስንት ያወጣል?» ብዬ።
በካርቶኑ ፊቱን እያራገበ ብዙ አየው።
«በእርሳስ ያልኩሽ» አለኝ፣ «ለምን መሰለሽ ልጄ?»